ሥራው በገጹ ላይ ነው፦ ማይክሮቪላይና የሕዋስ ድንበር

ሕዋስ ምግቡን የሚያገኘው፣ ቆሻሻውን የሚያስወግደው፣ ከጎረቤቶቹ መልእክት የሚቀበለውና ወዳጁን ከጠላቱ የሚለየው በገጹ በኩል ነው። በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የሚሳለው ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያው ለስላሳ የሆነ ክብ ወይም ሞላላ ሲሆን፣ የተማሪው ዓይን የሚያርፈውም መካከል ላይ በተቀመጠው ኒውክለስ ላይ ነው። እውነተኛው ሕዋስ ግን፣ ከቀይ የደም ሕዋስና ከጥቂት መሰሎቹ በስተቀር፣ ለስላሳ አይደለም፤ ገጹ በጣት መሰል ዘንጎች፣ በእጥፋቶች፣ በሚርገበገቡ ጸጉሮችና በስኳር ሰንሰለቶች የተሞላ ነው። ከእነዚህ የገጽ ቅርጾች መካከል በሰፊው የተጠኑት ማይክሮቪላይ የተባሉት፣ በተራ ማይክሮስኮፕ አንዱ ከሌላው ተለይቶ የማይታይ ደቂቅ ዘንጎች ናቸው። ያለፉት ሰባ ዓመታት ምርምር ስለ እነርሱ ያስተማረው ፍሬ ነገር፣ የሕዋስ ገጽ ከአጥርነት ያለፈ ዋና የሥራ ስፍራ መሆኑን ነው፤ ቅርጹም አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ሳይሆን ዘወትር እየፈረሰ የሚታደስ በመሆኑ፣ እድሳቱ ሲስተጓጎል ሰው በሞላ ማዕድ ፊት ሊራብ ይችላል።

የጉዳዩ መነሻ ቀላል የጂኦሜትሪ ሕግ ነው። የአንድ ሉል ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ የገጹ ስፋት አራት እጥፍ፣ በውስጡ የሚይዘው መጠን ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሕዋስ በገዘፈ ቁጥር ቀለብ የሚፈልገው ውስጡ ቀለቡ ከሚገባበት ገጽ ጋር ሳይመጣጠን ይቀራል። ለዚህ ችግር በሕያዋን ፍጥረታት ዘንድ የሚታየው መፍትሔ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው ሕዋሱ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ፣ ሁለተኛው ደግሞ ውስጡን ሳይጨምሩ ገጹን በማጠፍና ወደ ውጭ በማውጣት ማስፋት ነው። ቁመቱ አንድ ማይክሮሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ፣ ውፍረቱ ደግሞ የዚያ አንድ አሥረኛ የሆነ አንድ ማይክሮቪለስ የጎኑ ስፋት ከቆመባት ነጥብ ስፋት 40 እጥፍ ያህል ይሆናል። በዘንጎቹ መካከል ክፍተት ስላለ የጠቅላላው ገጽ ዕድገት ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ በአንድ የአንጀት ሕዋስ አናት ላይ እንዲህ ያሉ ዘንጎች ከአንድ ሺህ በላይ እንደሚቆሙ ሲታሰብ ትርፉ ቀላል አይደለም።

ብርሃን ያልደረሰበት ጠርዝ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀጭን አንጀትን ውስጠኛ ግድግዳ በብርሃን ማይክሮስኮፕ የመረመሩ ሊቃውንት፣ በእያንዳንዱ የአንጀት ሽፋን ሕዋስ አናት ላይ ስስ መስመሮች የተሰመሩበት አንጸባራቂ ጠርዝ አይተው፣ በመልኩ የተነሣ የብሩሽ ጠርዝ ብለው ጠሩት። መስመሮቹ ቀዳዳዎች ይሁኑ ወይስ ዘንጎች ግን ለአሥርት ዓመታት አከራከረ። ክርክሩ ያልተቋጨበት ምክንያት የብርሃን ማይክሮስኮፕ ራሱ ወሰን ያለው መሣሪያ መሆኑ ነው፤ በእርሱ ሁለት ነገሮችን ለያይቶ ለማየት በመካከላቸው ቢያንስ 0.2 ማይክሮሜትር ያህል ርቀት ማስፈለጉ፣ የዘንጎቹ ውፍረት ደግሞ የዚያ ግማሽ መሆኑ፣ ተመራማሪው ምንም ያህል ቢጠነቀቅ የሚያየው ነገር ከብዥታ እንዳያልፍ ያደርገው ነበር።

ኤርነስት ሩስካና ማክስ ክኖል እ.ኤ.አ. በ1931 በበርሊን የመጀመሪያውን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲሠሩ፣ በብርሃን ፋንታ የኤሌክትሮን ጨረር በመጠቀም ይህን ወሰን ለመሻገር መንገድ ከፈቱ። መሣሪያው ለሕያው አካል ጥናት እስኪመች ድረስ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል አልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ግሬንጀርና ቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች የአንጀትን ጠርዝ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው መስመሮቹ ጎን ለጎን የቆሙ ራሳቸውን የቻሉ ዘንጎች መሆናቸውን ሲያሳዩ ያ የቆየ ክርክር እልባት አገኘ።

ይህንኑ ጠርዝ ዛሬ ለማየት የሚፈልግ ባለሙያ የሚከተለው ሂደት ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአንጀት የተወሰደው ናሙና ጎኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ መጠን ተቆርጦ፣ ፕሮቲኖቹ ባሉበት እንዲጸኑ ግሉታራልዲሃይድ በተባለ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል፤ ቀጥሎም ስብ ያለባቸውን ሽፋኖች የሚያጠቁረው ኦስሚየም ቴትሮክሳይድ ይጨመርበታል፤ ውኃው ደረጃ በደረጃ በአልኮል ተተክቶ ከወጣ በኋላ ፈሳሽ ሙጫ እንዲሰርግበት ተደርጎ፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ እስኪደርቅ ይቆያል። የጠነከረው ናሙና በአልማዝ ስለት ሲቆረጥ የሚወጡት ስስ ቁራጮች ውፍረታቸው ከ60 እስከ 90 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነውና እነዚህን ቁራጮች በጣት መንካት አይታሰብም። ከስለቱ ጀርባ ባለች ትንሽ የውኃ ገንዳ ላይ ተንሳፍፈው ሲወጡ ባለሙያው ውፍረታቸውን የሚገምተው ከቀለማቸው ነው፤ ብርማ ሆኖ የሚያንጸባርቀው ይመረጣል፣ ወደ ወርቃማነት ያደላው ወፍሯል፣ ሐምራዊ ሆኖ የታየው ደግሞ ለሥራ አይበቃም። የተመረጠው ቁራጭ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባላት የመዳብ ወንፊት ላይ ተነሥቶ፣ የዩራኒየምና የእርሳስ ጨው ተቀብቶ አየር ወደሌለበት የማይክሮስኮፑ ቱቦ ይገባል።

ጨረሩ ናሙናውን አልፎ ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ የሚታየው ሥርዓት የሚያስገርም ነው። ዘንጎቹ በቁመት እኩል ናቸው፤ ጫፎቻቸው በአንድ መስመር ላይ ይገጥማሉ፤ በእያንዳንዱ ዘንግ መካከል ከጫፍ እስከ ሥር የሚወርዱ ጥቁር ክሮች ይታያሉ፤ ክሮቹም ዘንጉን አልፈው ከሥሩ ባለው ጥቅጥቅ ያለ መረብ ውስጥ ይሰምጣሉ። ቁራጩ አግድም የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ዘንግ በስድስት ጎረቤቶች ተከቦ ይታያል፤ ይህ አደራደር በተወሰነ ቦታ ላይ እጅግ ብዙ ክብ ነገሮችን ለመደርደር ከሚቻልባቸው መንገዶች ሁሉ ቦታ ቆጣቢው ነው።

ዘንጉ በምን ቆመ?

የሕዋስ ሽፋን ከሁለት የስብ ንብርብሮች የተሠራ፣ እንደ ፈሳሽ የሚንቀሳቀስ ልስልስ ነገር በመሆኑ ብቻውን ዘንግ ሆኖ ሊቆም አይችልም። የሚያቆመው በውስጡ የሚያልፈው የአክቲን ምሰሶ ነው። አክቲን በጡንቻ ውስጥም የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን፣ ደቃቅ እንክብሎቹ እየተቀጣጠሉ ሰባት ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክር ይሠራሉ፤ በአንድ ማይክሮቪለስ ውስጥም ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ክሮች በአንድነት ታስረው ይገኛሉ። ማርክ ሙስከርና ሉዊስ ቲልኒ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት እነዚህ ክሮች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩ መሆናቸውን፣ በፍጥነት የሚያድገው ጫፋቸውም በዘንጉ አናት ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። ይህ ግኝት የዘንጉን አስተዳደግ ለመረዳት ቁልፍ ሆነ፤ ምክንያቱም አዳዲስ የአክቲን እንክብሎች ከላይ እየተጨመሩ፣ አሮጌዎቹ ከሥር እየተነቀሉ ዘንጉ ቁመቱን ሳይለውጥ ውስጡ እንዲታደስ ያደርጋሉ። በላቦራቶሪ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ የተደረጉ ክትትሎችም የምሰሶው እንክብሎች በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚተካኩ አረጋግጠዋል።

ክሮቹን የሚያስሯቸው ፕሮቲኖች አንድ በአንድ የታወቁት ከዚያ በኋላ ነው። አንቶኒ ብሬቸርና ክላውስ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1979 ቪሊን የተባለውን አገኙ፤ ፊምብሪንና ኤስፒን የተባሉት ተከተሉ። ምሰሶውን ከዙሪያው ሽፋን ጋር የሚያያይዙት ደግሞ ኤዝሪን እና ማዮሲን-1ኤ ናቸው። ቪሊን የዘንጉ ዋና ማሰሪያ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል በተወገደባቸው አይጦች ላይ ማይክሮቪላይ ጨርሶ አይበቅልም የሚል ግምት ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡት ውጤቶች ግን ዘንጎቹ ያለ ቪሊንም እንደሚቆሙ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ሦስቱም ማሰሪያዎች በአንድነት የጠፉባቸውን አይጦች መርምሮ፣ ዘንጎቹ አጥረውና ሥርዓታቸው ተጓድሎ እንጂ ፈጽሞ ጠፍተው አለማየቱን ዘገበ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ሰውነት ይህን ቅርጽ ለአንድ ፕሮቲን ብቻ አሳልፎ እንደማይሰጥ፣ ይልቁንም ተደራራቢ ዋስትና እንዳስቀመጠለት ነው።

የቁመታቸው እኩልነት ምስጢር ደግሞ የተገለጠው በቅርብ ጊዜ ነው። በአሜሪካ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የማቲው ቲስካ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ሥራ፣ ጎረቤታሞች ማይክሮቪላይ በጫፎቻቸው ላይ ከካድሄሪን ወገን በሆኑ ፕሮቲኖች እጅ ለእጅ እንደሚያያዙ አሳየ። ካድሄሪን ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያጣብቁ ፕሮቲኖች የጋራ ስም ነው። ወጣቱ ሕዋስ ዘንጎቹን በየቦታው በተበታተነ ሁኔታ ካበቀለ በኋላ፣ ዘንጎቹ እየተንቀሳቀሱ ሲገናኙ በጫፋቸው ተያይዘው ይሰበሰባሉ፤ ስብስቦቹም እየሰፉ ሄደው መላውን አናት ይሸፍናሉ። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በችኮላ ነው፤ ምክንያቱም የቀጭን አንጀት ሽፋን ሕዋስ በግድግዳው ሥር ካለው ጉድጓድ ተወልዶ እስከ ጫፍ ከወጣ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተራግፎ በሌላ ይተካል።

የቴኒስ ሜዳው ጉዳይ

ስለ አንጀት ስፋት በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም የኖረ አንድ አኃዝ አለ፤ ይኸውም የሰው አንጀት ውስጠኛ ገጽ ቢዘረጋ ከ200 እስከ 300 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የቴኒስ ሜዳ ያህል ይሆናል የሚለው ነው። ስሌቱ የአንጀት ግድግዳ እጥፋቶች ገጹን ሦስት እጥፍ፣ በእጥፋቶቹ ላይ የበቀሉት፣ እያንዳንዳቸው በብዙ ሕዋሳት የተሸፈኑት ቪላይ የተባሉ ጣት መሰል ጉጦች አሥር እጥፍ፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ ላይ ያሉት ማይክሮቪላይ ደግሞ ሃያ እጥፍ ያሰፉታል በሚል ብዜት ላይ የቆመ ነበር።

በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ሔርበርት ሔላንደርና ላርስ ፈንድሪክስ ይህን አኃዝ እንደገና መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ውጤት የተለየ ነበር። ከጤነኛ ሰዎች የተወሰዱ ናሙናዎችን በብርሃንና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለክተው፣ ቪላይ ገጹን 6.5 እጥፍ፣ ማይክሮቪላይ ደግሞ 13 እጥፍ ያህል እንደሚያሰፉት፣ የመላው የምግብ ቱቦ ገጽም በአማካይ 32 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ከዚህም ውስጥ ትልቁ አንጀት ሁለት ካሬ ሜትር ብቻ እንደሆነ አሰሉ። ሜዳው ጠበበ ማለት ነው፤ የማይክሮቪላይ ድርሻ ግን አልጠበበም፤ እንደ አሮጌው ሁሉ በአዲሱ ስሌትም ከቪላይ በእጥፍ የሚበልጥ የማስፋት ሥራ የሚሠሩት እነርሱ መሆናቸው ተረጋገጠ። አሮጌው አኃዝ ዛሬም በብዙ መጻሕፍትና በጤና ነክ ጽሑፎች ውስጥ ስለሚገኝ አንባቢ ሲያጋጥመው በጥርጣሬ ሊያየው ይገባል።

ከወተት እስከ ደም

ስፋት ብቻውን ግን ምግብን ደም አያደርግም፤ ማይክሮቪላይን የሥራ ቦታ የሚያደርጓቸው በገጻቸው ላይ የተተከሉት ፕሮቲኖች ናቸው። አንድ ሰው ወተት ሲጠጣ፣ በወተቱ ውስጥ ያለው ላክቶስ የተባለው ስኳር እንዳለ ወደ ደም ሊገባ አይችልም፤ ከሁለት ትንንሽ ስኳሮች፣ ከግሉኮስና ከጋላክቶስ፣ የተጣመረ በመሆኑ አስቀድሞ መለያየት አለበት። የሚለያየው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ መገኛውም በአንጀት ፈሳሽ ውስጥ ሳይሆን በማይክሮቪላይ ሽፋን ላይ ነው፤ ሥሩ በሽፋኑ ውስጥ ተተክሎ፣ የሚሠራው ክፍሉ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይቆማል። የተለመደውን ስኳር፣ ከስታርች የሚወጡ ቁርጥራጮችን፣ የፕሮቲን ስብርባሪዎችን የሚፈጩ ሌሎች ኢንዛይሞችም በዚያው ገጽ ላይ በየቦታቸው አሉ። የመጨረሻው ስልቀጣና ስርገቱ በዚህ መንገድ ጎን ለጎን ስለሚካሄዱ፣ ግሉኮስ ከተለየበት ቅጽበት አንሥቶ ወደ ሕዋሱ የሚያስገባው በር አጠገቡ ነው።

ያ በር ኤስጂኤልቲ-1 የተባለ አጓጓዥ ፕሮቲን ሲሆን፣ አሠራሩን በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ቀድሞ ያቀረበው አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ክሬን ነው። ክሬን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1960 በፕራግ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ ግሉኮስ ወደ ሕዋስ የሚገባው ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሶዲየም በገበታ ጨው ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሕዋስ በውስጡ ያለውን መጠን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ከውጭ ወደ ውስጥ የመግባት ብርቱ ግፊት አለው፤ አጓጓዡ ይህን ግፊት ተጠቅሞ በሁለት የሶዲየም አየኖች አንድ ግሉኮስ ያስገባል፤ ውኃም ተከትሎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1987 የኧርነስት ራይት ቡድን የአጓጓዡን ዘረመል ለይቶ ሲያወጣ የክሬን ሐሳብ በሞለኪውል ደረጃ ተረጋገጠ።

ላክቴዝ ከዕድሜ ጋር ያለው ግንኙነት ለኢትዮጵያ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው። በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ ይህ ኢንዛይም ከጡት መጥባት ዘመን በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ላክቶሱ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድም ባክቴሪያዎች እየተመገቡት መነፋትና ተቅማጥ ያስከትላል። በከብት እርባታ ረጅም ታሪክ ባላቸው ሕዝቦች መካከል ግን ኢንዛይሙ ዕድሜ ልክ የሚቀጥልባቸው ብዙዎች ናቸው። በአውሮፓ ይህ ችሎታ በዋናነት ከአንድ የዘረመል ልዩነት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ነገሩ የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቁት ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ ከተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2013 ከታተመው ጥናት መረዳት እንደሚቻለው፣ ወተት መፍጨት በሚችሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህን ችሎታ የሚሰጡ በርካታ የተለያዩ ልዩነቶች፣ በዘረመሉ ሰንሰለት ላይ በተቀራረቡ ነጥቦች፣ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ተመሳሳይ ጥቅም የሚሰጡ ለውጦች በየራሳቸው ተነሥተው በአንድ አገር ሕዝብ ውስጥ አብረው ተስፋፍተዋል ማለት ነው። ኢንዛይሙ የቀነሰባቸው ሰዎችም እርጎን ከጥሬ ወተት ይልቅ የሚቋቋሙት፣ ወተቱን ያረጉት ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ቀድመው ስለሚፈጩት ነው።

ማይክሮቪላይ ከመፍጨትና ከማስረግ አልፈው የመከላከል ሥራም አላቸው። የቲስካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ሥራ፣ ከዘንጎቹ ጫፍ ደቃቅ አረፋ መሰል ከረጢቶች እየተቆረጡ ወደ አንጀት ፈሳሽ እንደሚለቀቁ፣ ከረጢቶቹም የባክቴሪያን መርዛማ ስብ የሚያመክን አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም ተሸክመው እንደሚሄዱ አሳይቷል።

አንድ ንድፍ፣ ብዙ ሥራ

ይኸው ንድፍ ከአንጀት ውጭም በብዙ ቦታ ይገኛል። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራል፤ ከዚህም አብዛኛው ውኃና ጨው፣ በጤነኛ ሰው ደግሞ ግሉኮሱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ደም ይመለሳል። ይህን የመመለስ ሥራ በዋናነት የሚያከናውኑት የመጀመሪያው የኩላሊት ቱቦ ክፍል ሕዋሳት ሲሆኑ፣ አናታቸው እንደ አንጀት ሕዋስ በማይክሮቪላይ የተሸፈነ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ያለው ኤስጂኤልቲ-2 የተባለው አጓጓዥ ከሚመለሰው ግሉኮስ 90 በመቶ ገደማውን ስለሚያስገባ፣ ይህን በር የሚዘጉት እንደ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ያሉ የስኳር ሕመም መድኃኒቶች ትርፉ ስኳር በሽንት እንዲወጣ ያደርጋሉ።

በውስጠኛው ጆሮ ደግሞ ማይክሮቪላይ ረዝመውና ወፍረው ድምፅ መቀበያ ሆነዋል። በእያንዳንዱ ጆሮ ያሉት 16 ሺህ ገደማ የመስሚያ ሕዋሳት በአናታቸው ላይ በቁመት ቅደም ተከተል የተደረደሩ ስቴሪዮሲሊያ የተባሉ የአክቲን ዘንጎች አሏቸው። ፒክልስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ የአጭሩን ዘንግ ጫፍ ከረጅሙ ጎን ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ክር አለ፤ ድምፅ ዘንጎቹን ሲገፋ ክሩ ይወጠርና ሕዋሱ ላይ ያለውን የአየን በር ይከፍታል፤ መስማት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህ ክር የተሠራው ከካድሄሪን ወገን በሆኑ ፕሮቲኖች መሆኑ፣ የአንጀት ዘንጎችን በጫፋቸው ከሚያያይዙት ፕሮቲኖች ጋር ዘመድ ያደርገዋል። ዝምድናው በወረቀት ላይ ብቻ አለመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ታይቷል፤ ዩኤስኤች1ሲ የተባለው ዘረመል ያለበት የክሮሞዞም ክፍል የጎደላቸው ሕፃናት መስማት የተሳናቸው ብቻ ሳይሆኑ ከባድ የአንጀት ሕመምም ነበረባቸው፤ በዚህ ዘረመል የሚሠራው ሃርሞኒን የተባለው ፕሮቲን በጆሮም በአንጀትም የዘንጎቹን ማያያዣ የሚደግፍ ነውና።

በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት፣ በሽታ ከመከላከል ሥራ የማይለዩት ቲ ሕዋሳትም ገጻቸው በማይክሮቪላይ የተሸፈነ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ቲ ሕዋስ ሌላ ሕዋስን ሲነካ ዘንጎቹ ያለማቋረጥ እየተንቀሳቀሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አብዛኛውን የተነካውን ገጽ እንደሚዳስሱ፣ የሚፈልጉትን የባዕድ ምልክት ያገኘው ዘንግም በቦታው ጸንቶ እንደሚቆይ በቪዲዮ ምስል አሳይቷል።

ማይክሮቪላይን ከሲሊያ ጋር ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። ሲሊያ ምሰሷቸው አክቲን ሳይሆን ማይክሮቲዩብል የተባለ ቱቦ መሰል ፕሮቲን ሲሆን፣ በውፍረትም በቁመትም ይበልጣሉ፤ በመተንፈሻ ቱቦ እየተርገበገቡ አክታን ወደ ላይ የሚገፉት እነርሱ ናቸው።

ገጹ ሲጠፋ

የዚህ ቅርጽ ዋጋ በጉልህ የሚታየው ሲጠፋ ነው። ማይክሮቪለስ ኢንክሉዥን የተባለው ብርቅዬ የዘር ሕመም ያለበት ሕፃን፣ ከተወለደ ጥቂት ቀናት ሳይሞላው በማያቋርጥ ውኃማ ተቅማጥ ይያዛል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1978 በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ዋና መንሥኤው ማዮሲን-5ቢ የተባለውን ፕሮቲን በሚያሠራው ዘረመል ላይ የሚደርስ ጉድለት መሆኑ ታወቀ። ይህ ፕሮቲን ለገጹ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን ወደ ሕዋሱ አናት የሚያጓጉዝ በመሆኑ፣ ሲጎድል ማይክሮቪላይ በአናት ላይ በመቆም ፈንታ በሕዋሱ ሆድ ውስጥ ባሉ ከረጢቶች ተዘግተው ይገኛሉ። የምግብ እጥረት ሳይኖር ሕፃኑ በአፉ የሚቀበለው ወተት ስለማያሰነብተው፣ በደም ሥር በሚሰጥ ምግብ ይኖራል ወይም የአንጀት ንቅለ ተከላ ይደረግለታል።

ተላላፊ ተሕዋስያንም ይህን ገጽ ያጠቁታል። ለሕፃናት ተቅማጥ መንሥኤ ከሆኑት የኢ. ኮላይ ዝርያዎች አንዱ ቲር የተባለ ፕሮቲን በመርፌ መሰል መሣሪያ ወደ አንጀት ሕዋስ ይወጋል፤ ፕሮቲኑ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ ለባክቴሪያው መጣበቂያ ይሆናል፤ በዙሪያው ያሉት ማይክሮቪላይ ሲፈርሱም የሕዋሱ አክቲን ከባክቴሪያው ሥር ተሰብስቦ መቆሚያ መደብ ይሠራለታል። በሲሊያክ ሕመም ደግሞ አጥቂው የሰውነት የራሱ መከላከያ ነው፤ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን ሕመሙ ባለባቸው ሰዎች አንጀት ውስጥ ሲደርስ በሚነሣው ቁጣ ቪላይ ይጠፋሉ፣ የሕዋሳቱ ማይክሮቪላይም ያጥራሉ። ጤፍ ይህ ዓይነቱ ግሉተን የሌለው በመሆኑ ለእነዚህ ሰዎች ይስማማል፤ በውጭ አገር ገበያ የሚሸጥ እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ስለሚቀላቀልበት፣ ታማሚው ከመግዛቱ በፊት የተሠራበትን ዱቄት መጠየቅ አለበት።

ኮሌራ ከእነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። መርዙ በአንጀት ሕዋሳት ገጽ ላይ ተጣብቆ ከገባ በኋላ ሕዋሱ ጨውና ውኃ ያለ ልክ እንዲያፈስ ያስገድዳል፤ ማይክሮቪላይን ግን አያፈርስም፤ የግሉኮስና የሶዲየሙ በርም ክፍት ሆኖ ይቆያል። የክሬን ግኝት ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሕይወት ያዳነው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ የነፃነት ጦርነት ሳቢያ ወደ ሕንድ የጎረፉት ስደተኞች በኮሌራ ሲያልቁ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በድንበር ከተማዋ ባንጋኦን በሚገኝ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ወለሉ በሽተኛ ሞልቶት መርገጫ ጠፍቶ፣ በደም ሥር የሚሰጠውም ፈሳሽ እያለቀ ነበር። ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውኃ አስበጥብጦ በበርሜል ካስቀመጠ በኋላ፣ ዘመዶች ራሳቸው እየቀዱ በሽተኞቻቸውን እንዲያጠጡ አደረገ። 30 በመቶ ገደማ ደርሶ የነበረው የሞት መጠን ይህን ፈሳሽ በጠጡት መካከል ወደ 3.6 በመቶ ወረደ፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ1978 የሶዲየምና የግሉኮስን ጥምረት ማወቅ የክፍለ ዘመኑ እጅግ አስፈላጊ የሕክምና እርምጃ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ።

ዛሬ በየጤና ጣቢያውና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ የዚያው ውሕድ የተሻሻለ ዓይነት ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሶዲየሙና ግሉኮሱ እኩል መጠን፣ እያንዳንዳቸው 75 ሚሊሞል፣ እንዲሆኑ የተደረገውም ሁለቱ በአንድ በር አብረው ስለሚገቡ ነው። ጨው ብቻውን፣ ስኳርም ብቻውን ይህን ሥራ አይሠራም፤ ስኳሩ የበዛበት ለስላሳ መጠጥም ውኃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ሊያባብስ ይችላል። በኢትዮጵያ አተት እየተባለ የሚታወቀውን ጨምሮ በማንኛውም ተቅማጥ የተያዘ ልጅ ፈሳሽና ምግብ ሊከለከል አይገባም፤ ወላጅ ኦ.አር.ኤሱን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት እየደጋገመ ያጠጣው፤ ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ደግሞ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይውሰደው።